ለዓይን ያማረው መፈተሻ

ገብረየስ የተገኘው ከሥራ ክፍሉ በታች፣ በደረጃው ግርጌ ወድቆ፣ ሞቶ ነው። ሰበታ ጎማ ሲቃጠልባትና ጥይት ሲጮህባት በዋለችበት ዕለት ፖሊስ ገዳይ ለማግኘት አልደከመም፤ ከአስከሬኑ አጠገብ ሊቤ የሚባል ሰልፈኛ ተይዟል።

«ማምሻውን በሰልፉ የተያዙትን እስረኞች የሚወስደው መኪና ይነሳል፤ ልጁም አብሮ ይሄዳል። ሌላ ገዳይ አለ የምትዪ ከሆነ እስከዚያ አምጪ» አላት ኢንስፔክተር ቦሰናን አለቃዋ። ወዴት እንደሚወሰዱ ለቤተሰብ እንኳ አልተነገረም።

ሟቹ ዓይነ ስውር ፕሮግራመር ነበር። ከሊቤ፣ ከዲሪርሳና ከትጊ ጋር ሆኖ ልጆች በአማርኛም በኦሮምኛም ኮምፒዩተር የሚያዙበት የጋራ የፕሮግራም ቋንቋ ይሠራ ነበር። ሁሉም ድርሻ ድርሻቸውን ይጽፋሉ፤ የኮዱን ጥራት የሚዳኘው ግን ገብረየስ ነው። እሱ ራሱ በጻፈው መፈተሻ፣ ማለትም ስህተት በሚለይ ፕሮግራም፣ ያላለፈ ሥራ ከጋራው ኮድ ጋር አይቀላቀልም።

«የከፋበት ሰው ነበር?» ስትል ዲሪርሳን ጠየቀችው።

«ሁላችንም ከፍቶናል። የእኔን ሥራ "ይህ ኮድ ነው ወይስ የገበያ ወሬ?" ብሎኛል። ትናንት ደግሞ የትጊን መለሰባት።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የውጭ ትምህርት ዕድሏ በዚያ ሥራ ላይ የተንጠለጠለ ነው።»

ትጊ ግን ረጋ ብላ መለሰች። «እኔ ቀኑን ሙሉ ከቤቴ አልወጣሁም፤ በዚህ ተኩስ ማን ይወጣል?»

ሊቤ በካቴና የታሰሩ እጆቹን ጭኑ ላይ አሳረፈ። «ተኩሱን ሸሽቼ ነው የገባሁት። ስነካው እጁ ቀዝቅዞ ነበር፣ አዴ» አላት፣ በኦሮምኛ አክብሮ እየጠራት።

ቦሰና የሟቹን ኮምፒዩተር ከፈተች። የትጊን ሥራ የሚያሳልፍ መፈተሻ በገብረየስ ስም ተጽፏል፤ የተጻፈውም ተኩሱ ከተጀመረ በኋላ ነው። አንድ ቁልፍ ነካች፤ ኮምፒዩተሩ ምንም ድምፅ አላሰማም።

«ጽሑፉን የሚያነብለትን ድምፅ ማን አጠፋው?» አለ አጠገቧ የቆመው ዲሪርሳ ደንግጦ። «ያ ድምፅ እኮ ዓይኑ ነው።»

ኢንተርኔት ከተዘጋ ወዲህ ሦስቱም ሥራቸውን በፍላሽ ያመጡ ስለነበር፣ ቦሰና ፍላሾቹን አንድ በአንድ መረመረች። ከዚያም ሦስቱን ባልደረቦች በሟቹ ክፍል ሰበሰበችና መፈተሻውን አሳየቻቸው።

«እንዴት ነው?»

«በሕይወቱ ከጻፈው ሁሉ ያማረ ነው» አለች ትጊ።

«ለዓይን፣ አዎን። የእኩልነት ምልክቶቹ እንደ ሰልፈኛ ወታደር አንዱ ከአንዱ ሥር ተደርድረዋል፤ እንዲያ እንዲቆሙም በየመስመሩ ብዙ ባዶ ቦታ ተጨምሯል። ዲሪርሳ፣ ገብረየስ ባዶ ቦታን እንዴት ነበር የሚሰማው?»

«እያንዳንዱን "ክፍተት፣ ክፍተት" እያለ ይነበብለታል። ይጠላው ነበር። ሥራችንን በኢንተርኔት ስንልክለት ማጥሪያ ፕሮግራም ክፍተቱን ይሰርዝለት ነበር።»

«ኢንተርኔቱ ሲዘጋ ማጥሪያውም ቀረ» አለች ቦሰና። «ዓይነ ስውር ሰው ድምፁን አጥፍቶ፣ የሚጠላውን ክፍተት እየደረደረ መፈተሻ አይጽፍም። ስለዚህ የጻፈው ሌላ ሰው ነው፤ ገብረየስ በሕይወት ቢኖር ደግሞ ማንም በስሙ አይጽፍም፤ ያን ጊዜ ሞቶ ነበር። ሊቤና ዲሪርሳ አንድ ክፍተት ብቻ ይተዋሉ። ከፍላሾቹ ውስጥ ምልክቶቹን እንዲህ የሚያሰልፈው የአንድ ሰው እጅ ብቻ ነው። በመፈተሻው የተጠቀመውም አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ ያንቺ፣ ትጊ።»

ትጊ ማያ ገጹን ትክ ብላ አየች።

«"ውብ ነው፤ ግን ሐሰተኛ መልስ ይሰጣል፤ ልጆችን ያሳስታል" አለኝ። ደረጃው ላይ ተከትዬ ለመንኩት። "ይለፍ" እንዲል ብቻ ነበር። ጥሎኝ ሲሄድ ገፋሁት።»

«መልሱስ ሐሰት ነበር?»

«ነበር» አለች።

ቦሰና የሊቤን ካቴና ፈታች። ከውጭ ሊቤን ሊጭን የመጣው የእስረኞች መኪና ሞተር ተነሳ። ሊቤ እጁን እያሻሸ ወደ መስኮቱ ሄደ፤ አብረውት የተሰለፉ ጓደኞቹ መኪናው ላይ ተደራርበው ተጭነዋል።

«የእነሱን ጉዳይስ ማን ያጣራላቸዋል?» አለ።

ቦሰና ኮፍያዋን አንስታ፣ መኪናውን ለማስቆም ደረጃውን በሩጫ ወረደች።