የቀዳም ሹር ዳቦ

ተናኘወርቅ አስረስን ያወቀችው እንቅልፍ ጥሏት ነው።

ዐቢይ ጾም በገባ ሰሞን፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ መካኒሳ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ወጥታ ወደ ሀና ማርያም የሚሄድ ባጃጅ ተሳፈረች። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች በየመንገዱ ወረዱ። እሷ ራሷን ብረቱ ላይ አስደግፋ ቀረች። ስትነቃ ባጃጁ ጥላ ስር ቆሟል፤ ሾፌሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቆሎ ይቆረጥማል።

«ለምን አልቀሰቀስከኝም?»

«ጠራሁሽ እኮ፤ አልሰማሽም። ደጋግሞ መጥራት ደግሞ ነውር መሰለኝ።»

«ሥራ አስፈታሁህ።»

«ሥራ ነገም አለ» አለና ቆሎውን ዘረጋላት።

ያኔ ነው ፊቱን ያየችው። አቧራ ያቀላቸው ዓይኖቹ የእሷኑ ያህል ደክመዋል። ከቆሎው ጥቂት ዘገነች።

ተናኘወርቅ እናቷ ካረፉ ወዲህ አባቷን አቶ ማኑሄን የምታስታምመው ብቻዋን ነበር። ስትሮክ ግማሽ ጎናቸውን ይዞባቸዋል፤ ንግግራቸውም እየተጎተተ ነው የሚወጣው። ታላቅ ወንድሟ ሙሉሰው ፉሪ ቤት ሠርቶ ከገባ ወዲህ ብቅ የሚለው በዓል በዓል ሲደርስ ነው። እሷ ጠዋት አባቷን አጥባ፣ አብልታ፣ ለጎረቤት አደራ ብላ ትወጣለች፤ ማታ ያንኑ ትደግማለች።

በዚህ ላይ ለፋሲካ ለሰፈሩ ልጆች ዳቦ፣ እንቁላልና ከረሜላ የሚያድል የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር አለ። ከጓደኞቿ ጋር ሲያቋቁሙት ብዙ ነበሩ። አንዱ አገባ፣ አንዷ አረብ አገር ሄደች፣ ሌሎቹ ስልክ ማንሳት ተዉ። ዘንድሮ የቀረችው እሷ ናት።

ዕቃውን የሚያመላልስላት አስረስ ሆነ። አንድ ቀን የከረሜላውን ካርቶን እየጫነ፣

«እንዲህ ከደከመሽ ለምን አትተዪውም?» አላት።

«ልጆቹ ይጠብቁኛላ። የሚጠብቀኝን ሰው መተው አልችልበትም።»

አስረስ ካርቶኑን በገመድ አሰረ። አስሮም ሲያበቃ እጁን ከገመዱ ላይ አላነሳም።

«እኔም ብጠብቅሽስ?»

ተናኘወርቅ መሬት መሬት አየች። ደስ ሊላት ሲል ድካሙ ቀደመው።

«አስረስ፣ የእኔን ቤት አታውቀውም። እኔን የሚያገባ አባቴንም አብሮ ነው የሚያገባው። ይታክትሃል።»

«ታክቶኝ የማያውቅ መሰለሽ?»

ወደ ባጃጁ ገባች። ሀና ማርያም እስኪደርሱ ድረስ በመስታወቱ ሲያያት አየችው፤ እሷም ዓይኗን አላሸሸችም።

በሆሳዕና ሙሉሰው መጣ። ዘንባባውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሳይቀመጥ ጀመረ።

«አንድ የባጃጅ ሾፌር ይዞሽ ይዞራል ይባላል።»

«የማኅበሩን ዕቃ ነው የሚያመላልስልኝ።»

«ይሁን። ግን አንቺ አገባሁ ብለሽ ብትወጪ አባባን ማን ይይዛል? የእኔን ሚስት ታውቂያታለሽ። አስቢበት።»

አቶ ማኑሄ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኝተዋል። ተናኘወርቅ እንዳልሰሙ ለራሷ ነገረች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለአስረስ አልደወለችም፤ ሲደውልም አላነሳችም።

ቀዳም ሹር ጠዋት ከስቅለቱ ስግደት የተረፈ ጉልበት አልነበራትም። እንደምንም ትምህርት ቤቱ ግቢ ደረሰች። ልጆቹ ቄጤማቸውን ግንባራቸው ላይ አስረው በግድግዳው ጥግ ተደርድረዋል። የተቀቀለው እንቁላልና ከረሜላው ተዘጋጅቷል። ስልኳ ጠራ። ዳቦውን ያዘዘችበት ዳቦ ቤት ነበር፤ ከትናንት ጀምሮ መብራት የለም፣ ሊጡ ተበላሽቷል፣ ዳቦ አይኖርም።

ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ማልቀስ አማራት፤ ማልቀስም አቅም ይጠይቃል።

ከግቢው በር ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው እትዬ ሀኒፋ አዩዋት።

«ምነው ልጄ?»

ነገረቻቸው። የእትዬ ሀኒፋንም የሱቅ ዕቃ የሚያመላልሰው አስረስ ነበርና ስልካቸውን አወጡ። «አስረስ፣ ባጃጅህን ይዘህ ቶሎ ና» ብለው ዘጉ። ከዚያ ወደ ሱቃቸው ተመልሰው ብስኩት በካርቶን ይዘው መጡ።

«እትዬ ሀኒፋ፣ ይሄ ሁሉ...»

«የእኔም የልጅ ልጆች እዚያ ሰልፍ ውስጥ ናቸው። ዝም በይ።»

አስረስ መጣ። ከስቶ ነበር። የሆነውን ከእትዬ ሀኒፋ ሰምቶ ወደ ተናኘወርቅ ዞረ።

«ለምን ስልክ እንዳላነሳሽ አልጠይቅም» አላት። «ተነሺ። ዛሬ በከሰልም ቢሆን ዳቦ የማይጋገርበት ቤት የለም። እንለምናለን።»

በየበሩ አንኳኩ። እጃቸው ሊጥ የነካ፣ ጾሙ ያደከማቸው ሴቶች ወጡ። አንዳንዱ እሩብ፣ አንዳንዱ ግማሽ ሰጠ። አንዲት እናት ግን ድፎውን እንደታቀፉ በሩ ላይ ቆሙ።

«የፋሲካ ዳቦ ሳይነጋ ይቆረሳል እንዴ?»

«ለልጆቹ ነው» አለች ተናኘወርቅ። ሴትዮዋ ከእሷ ወደ አስረስ፣ ከአስረስ ወደ እሷ ተመለከቱና ቢላዋ ሊያመጡ ገቡ።

ባጃጁ ሲመለስ ትኩስ ዳቦ ትኩስ ዳቦ ይሸታል። አስረስ ይቆርሳል፣ እሷ ታድላለች። ለእያንዳንዱ ልጅ «ነገ ነው የሚበላው፣ እሺ?» ትላለች። አንዲት ትንሽ ልጅ ድርሻዋን ተቀብላ አልሄድ አለች።

«ማሽተትስ ይቻላል?»

ተናኘወርቅ ሳቀች። በጾሙ ሙሉ እንዲህ ስቃ አታውቅም። አስረስ ቢላዋውን እንደያዘ መቁረሱን ትቶ ያያት ነበር።

ልጆቹ ተበተኑ። ግቢውን ጠርገው ባዶ ካርቶን ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ደከመሽ?»

«በጣም።»

«እኔም። እንግዲህ መድከማችን ካልቀረ አብረን ብንደክም ምን አለበት?»

ተናኘወርቅ ራሷን ትከሻው ላይ ጣል አደረገች።

«ሽማግሌ ላክ» አለችው።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሽማግሌዎች መጡ። ሙሉሰውም ተጠርቶ አባቱ አልጋ አጠገብ ተቀምጧል። ጉዳዩ እንደተነገረ አባቱን ሳይጠብቅ ተናገረ።

«እህቴ አባቴን ጥላ የትም አትሄድም።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቱሉ የሚባሉ አዛውንት ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጃችን ጥላቸው ትምጣ አላለም። ለእሳቸው እንዲመች ፉሪ የተከራየው ቤት ደረጃ መውጣት የለበትም፤ አባቷም አብረውን ይኑሩ ብሎ ነው የላከን።»

ሙሉሰው አንገቱን ደፋ። ሁሉም ወደ አልጋው ዞሩ። አቶ ማኑሄ ደህና በሆነው እጃቸው አልጋውን ተመርኩዘው ቀና ለማለት ታገሉ። ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ፤ ቃሉ አልወጣ አለ። ተናኘወርቅ ከጀርባው ሆና መጋረጃውን ገለጥ አደረገች። ማንም አላጣደፋቸውም።

«መቼ... ነው...» አሉ በመጨረሻ፣ «የምንሄደው?»