ጣቶቿን ከደረቴ ማላቀቅ አቃተን

ይህን የምጽፍላችሁ ከሰው ሰምቼ አይደለም። የደረሰው በእኔ ነው... በገዛ ልጄ።

ጨለማም አልነበረም። ቀትር ላይ፣ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ ፔሩ ውስጥ፣ ከመንደራችን ጀርባ ባለው ጫካ ነው።

ሩቅ አገር ተምሬ የተመለስኩት ጦጣዎችን ለማጥናት ነው። የት የት እንደሚኖሩ ካላሳየን ግንድ ቆራጮች ጫካውን ሊወስዱት ነው።

በእኛ ዘንድ ግን ጨቅላ ያለው አባት የዱር እንስሳ አይነካም። ከነካ የእንስሳው ጠባይ ወደ ልጁ ያልፋል ይባላል። እውነት ይሁን አይሁን እንጃ። ልጄ ኔሊዳ ገና አራስ ልጅ ነበረች፤ ስታለቅስ ድምፄን ከሰማች ዝም ትላለች። ለአማቴ ለእማማ ኤርሊንዳ "አልነካም" ብዬ ቃል ገብቻለሁ።

ያን ቀን አለቃዬ ግራሲዬላ አንዲት ጦጣ በማደንዘዣ መርፌ መታች። ከታች በዘረጋነው መረብ ላይ ወደቀች። ደረቷ ላይ ግልገል ተጣብቋል።

"ግልገሉን ያዝልኝ እንጂ! የት እንዳለች የሚያሳየንን መከታተያ አንገቷ ላይ ልሰርላት።"

"እኔ... ዛሬ ይቅርብኝ።"

"ምነው? አማትህ ይገርፉሃል?"

ከከተማ የመጡት የሥራ ባልደረቦቻችን ሁሉ ሳቁ።

አፈርኩ። በወገኖቼ እምነት አፈርኩ።

ግልገሉን ከእናቱ ደረት አላቅቄ ያዝኩት። እናቲቱ ደንዝዛለች። ዓይኗ ግን ክፍት ነው... የምታየውም እኔን ነው።

ግልገሉን መልሼላት ቤት ስደርስ አማቴ በር ላይ ቆመዋል።

"እንስሳ ነካህ?"

"ኧረ እማማ! ወረቀት ስሞላ ነው የዋልኩት።"

ልጄን አቀፍኳት። ሸሚዜን ጭብጥ አደረገችው።

ጨቅላ ሁሉ ያገኘውን ይጨብጣል፤ በትምህርትም የማውቀው ነው። ለራሴ እንዲያ አልኩት።

እጄን ሳነሳ ግን አልወደቀችም...

ደረቴ ላይ ተንጠልጥላ ቀረች።

"ጣቷን... ጣቷን አላቅቀው" አለች ባለቤቴ ሶይላ በሹክሹክታ።

ለሁለት ታገልን። አቃተን።

አላለቀሰችም። ጡት አልፈለገችም። አንጋጣ ጣሪያውን ብቻ ታያለች...

ቀናት አለፉ። ጀርባዋ አልጋ አልነካም። ከሳች።

"የትኛው እንስሳ እንደሆነ ካላወቅኩ በጭስ ላጥናት አልችልም" አሉ አማቴ። "ልጅቷ እየሞተችብን ነው። አውጣው!"

"...ጦጣ ነው። ግልገል።"

ሶይላ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። አማቴም አልተሳደቡም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አማቴ ከዚያ ቀን ልብሴ ላይ የግልገሉን ጸጉር ለቅመው ከትምባሆ ጋር አጭሰው ልጄን አጠኗት።

የልጄ ጣቶች አንድ በአንድ ተፈቱ። አለቀሰች፤ ድምፄን ሰምታ ግን ዝም አላለችም። ጠባች። በጀርባዋ ተኛች።

ዳነች አልን።

በማግስቱ፣ በዚያው የቀትር ሰዓት፣ ከግራሲዬላ ጋር መከታተያውን ተከትለን ጫካ ገባን።

"እያት... አትሸሽም እኮ!" አለችኝ ቀስ ብላ።

ጦጣዋ ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ግልገሉ ደረቷ ላይ አልተጣበቀም። ክንዷ ላይ ነው...

በጀርባው ተኝቶ።

የጦጣ ግልገል እንዲህ አይተኛም።

ጣቶቹ ምንም አልጨበጡም። ያለቅሳል። ጉንጩ በእንባ ርሷል።

እናቲቱ ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ በሁለት እጇ አነሳችውና...

ወደ እኔ ዘረጋችው።

አንድ እርምጃ ብጠጋ ልጄን እቀበላታለሁ። ግራሲዬላ ግን ከጎኔ ሆና ታየኛለች።

"ምን ሆነሃል? ላብ በላብ ሆንክ እኮ!"

አፈርኩ። እጆቼን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

"ምንም። እንሂድ" አልኩ።

ድምፄን ሲሰማ... ግልገሉ ማልቀሱን አቆመ።