የልብስ ሰፊው ክፍል

«ትንሽ ወደ መስኮቱ! አይ፣ መልሺው!»

ቁንጫ ጓደኛዋን ድምቢጥን የስፌት መኪናውን ስታስጎትት ይህ አራተኛ ጊዜዋ ነው። ቅጽል ስሙ የወጣላት አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማትችል ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ብሶባታል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ወላጆች ኤግዚቢሽኑን ሊያዩ ይመጣሉ። የመማሪያ ክፍላቸውን የድሮ ልብስ ሰፊ ሱቅ አስመስሎ የማዘጋጀቱ ሥራ የእሷ ነው።

የሚያስመስሉት ሱቅ ድሮ የድምቢጥ አያት ነበር። መኪናው ላይ የተለጠፈው ወረቀትም «አያቴ አርባ ዓመት የሰፉበት» ይላል። የሥዕል መምህራቸው ሲያነቡት እንባቸው ሊመጣ ምንም አልቀረውም ነበር።

ቁንጫ የሸረሪት ድር ልትጠርግ ከመኪናው ሥር አጎነበሰች። እንጨቱ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ ነገር አየች፦ «የእጅ ሥራ ክፍል፣ ቁጥር 7»።

ክው አለች። «ይሄ የትምህርት ቤቱ ነው እንዴ?»

ድምቢጥ ሮጣ በሩን ዘጋች። «ቀስ በይ እንጂ! ከመጋዘን ነው ያወጣሁት። አያቴ የራሳቸውን መኪና ዓይናቸው ሲጠፋ ሸጡት። ታዲያ ምን ላድርግ? አንድ መቀስና ያረጀ ሜትር ይዤ ልምጣ?»

«እሳቸውስ ዛሬ ይመጡ የለ?»

«አያዩም አልኩሽ እኮ! አንቺ ዝም ካልሽ ማንም አያውቅም።»

ቁንጫ አፏን ሳትከፍት በሩ ተንኳኳ። አያትየው በትምህርት ቤቱ ጥበቃ ክንድ ተደግፈው ቀድመው መጡ። እጃቸውን ዘርግተው መኪናውን ዳሰሱት፤ በጎኑ ያለውን የማዞሪያ ጎማ አንዴ አዞሩት።

«ጥሩ መኪና ነው» አሉ። «የማን ነው?»

ድምቢጥ ዓይኗን ቁንጫ ላይ ተከለች። ቁንጫ «የእርስዎ ነዋ» ልትል ነበር፤ ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። የሰውየው ጣቶች ግን ገና ጎማው ላይ ነበሩ።

«የትምህርት ቤቱ ነው፣ አባባ» አለች።

«እንደዚያ በይኝ! የእኔማ ሲዞር እንደ በሽተኛ ያቃስት ነበር።» ሳቁ። «ደግሞ ለምን ፊቱን ወደ በሩ አዞራችሁት? እኔ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ነበር የምሰፋው። ደንበኛውን በኮቴው ነው የማውቀው። ቀጠሮ ያሳለፍኩበት ሰው እርምጃው ያስታውቃል!»

ድምቢጥ አልሳቀችም። ፊቷ ቀልቷል፤ ቁንጫን ቀና ብላ አላየቻትም። ይህ ኩርፊያ በአንድ ቀን እንደማይለቃት ቁንጫ ገባት። ቢሆንም የተናገረችውን መመለስ አልፈለገችም።

ድምቢጥ ወረቀቱን ቀስ ብላ ላጠችና ጨምድዳ ኪሷ ከተተችው። ከኮሪደሩ ጫፍ የሰዎች ድምፅ መሰማት ጀመረ።

ቁንጫ ሰፊው ጀርባውን ለበሩ እንዲሰጥ መኪናውን ልታዞረው አንድ ጎኑን ያዘች። ድምቢጥም መጥታ ሌላውን ያዘች።

«አባባ» አለች ቁንጫ፣ «ከበሩ እንጀምር። ደንበኛ ሱቅዎ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ምን ነበር?»