የወናፉና የቀንደ መለከቱ ጋብቻ

በሰንደራ ምድር ዶሮዎች በጠራራ ፀሐይ በጮኹ ማግስት፣ ጉማር የተባለው ዘንዶ ከገደሉ ወጥቶ ጭጋጉን በአገሩ ላይ ተፋ። ጭጋጉ ዓይን ብቻ ሳይሆን ልብም የሚጋርድ ነበር። ባል ሚስቱን «አንቺ የማን ነሽ?» ይላት ጀመር፤ ንጉሥ ኤልዶርም ዙፋኑን ትቶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። የጥንቱ ትንቢት «ጉማርን የሚረታው ገና ያልተፈጠረ መሣሪያ ነው፤ የሚፈጠረውም ካለው ነው» ይላል። ምን ማለት እንደሆነ ግን የገባው ሰው አልነበረም።

ጉማርን የመግጠሙ ዕጣ ለወጣቷ ዕቃ አጋቢ ለዘልማ ወጣ። በሰንደራ አዲስ ዕቃ የሚወለደው ሁለት አሮጌ ዕቃዎች በመሐላ ሲጋቡ ነው። የተጋባ ዕቃ አይፋታም፤ ወደ ቀድሞ ሥራውም አይመለስም። ዘልማ አንጥረኛውን ጎርዳንና ወንድሟን ባርካንን አስከትላ ወጣች። ባርካን ምላሱን በጦርነት የተቆረጠ ነው፤ የሚናገረው በቀንደ መለከቱ ሲሆን ዜማውን የምትረዳው እሷ ብቻ ናት።

ገደሉ አፍ ሲደርሱ መምህሮቿ እንዳስተማሯት ብርቱን ከብርቱ አጋባች፤ ጦርን ከሰይፍ። ሁለት ጉልበተኛ አንድ ቤት ሲገባ የሚሆነው ሆነ፤ መሣሪያው ከብዶ የሚያነሳው ጠፋ። ጭጋጉ ወደ ራሷም ገባ። የመጣችበት ጉዳይ ጠፋባት፤ ፈራች፤ አለቀሰችም።

ጎርዳ እሳት ሊያነድ ወናፉን ሲነፋ ጭጋጉ ትንሽ ሸሸት አለ። ባርካን እህቱን ለማጽናናት መለከቱን ሲነፋ ደግሞ ጭጋጉ እስከ ገደሉ ጫፍ ተሰነጠቀ፤ ዘልማም የመጣችበት ጉዳይ ትዝ አላት፤ ትንፋሹ ሲያልቅ ግን ጭጋጉ ተመልሶ ተዘጋ። ዘልማ አንዴ ወናፉን፣ አንዴ መለከቱን አየች። ገባት፤ ባልገባኝ ብላም ተመኘች።

ባርካንም ገብቶታል። አጭር ዜማ ነፋ፦ «እህቴ፣ አጋቢያቸው። አገር ራሱን ከረሳ እኔን ማን ይሰማኛል?»

«አንደበትህን እንዴት በገዛ እጄ ልዳረው?» አለችው።

መለከቱን መዳፏ ላይ አኖረው።

«አንድ ሁኑ፤ ወደ ቀድሞ ቤታችሁ አትመለሱ» ብላ ወናፉንና መለከቱን በመሐላ አጋባቻቸው። ጎርዳ ወናፉን ተጫነው። መለከቱ ድካም በማያውቅ ትንፋሽ አገሳ፤ ጭጋጉ ተተረተረ፤ ከጭጋግ ውጭ መኖር የማይችለው ጉማር ፀሐይ መታችውና ገደሉ ውስጥ ወድቆ ሞተ። በሰንደራ ሰው ሁሉ የገዛ ቤቱን አወቀ።

ባርካን ወደ እህቱ ዞሮ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ጣቶቹንም አወራጨ። ድገምልኝ አለችው። ፈገግ ብሎ ቀስ እያለ ደገመላት። ዘልማ ዓይኑን ዓይኑን አየችው፤ ምን እንዳለ ግን አልገባትም።