ከድልድዩ ላይ የማይታየው ቤት

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የቤቱ መብራት ድንገት ጠፋ። ልጅቷ ቁርሱን ትታ አባቷን ልትጠራ ጓሮ ወዳለው ክፍል ሄደች። ጡረተኛውን መምህር በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ ደረታቸውን ከጆንያና ከጄሶ በተሠራ ትንሽ ተራራ ላይ አስደግፈው አገኘቻቸው። በቀኝ እጃቸው እርጥብ ጨርቅ ይዘዋል። ሦስት ጊዜ ጠራቻቸው፤ አራተኛው ጥሪ ጩኸት ሆነ።

ክፍሉ ቀድሞ የመኪና ጋራዥ ነበር። መሃሉን የያዘው ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ሐዲድ፣ ዋሻ፣ ድልድይ፣ ጣቢያ፣ ከጥፍር የማይበልጡ መንገደኞች ተደርድረዋል። ድሮ የተዘጋው የባቡር መስመር ነው፤ ከካርታ ላይ ስንዝር በስንዝር ተለክቶ የተሠራ። አራት ወንዶች፣ መምህሩ፣ አማቻቸው የልጅቷ ባል፣ አንድ የጥርስ ሐኪምና በመስመሩ ላይ የሠሩ ሽማግሌ ባቡር ነጂ፣ ሐሙስ ከሥራ በኋላና ቅዳሜ ጠዋት እየመጡ እዚህ ባቡር ይነዳሉ፣ ይቀላለዳሉ፣ ሲብስባቸውም ይኳረፋሉ። ትልልቅ ሰዎች መሆናቸውን የሚጠራጠሩት ሚስቶቻቸው ብቻ ናቸው።

መርማሪዋ ስትደርስ ሃምሳ አለቃው በር ላይ ጠበቃት። ችኩል ነው፤ ክፉ ግን አይደለም።

«ኢንስፔክተር፣ ይሄማ ያለቀለት ነገር ነው። የእነዚህ መጫወቻዎች ኤሌክትሪክ ምላስ ላይ ቢያደርጉት እንኳ ከመኮርኮር አያልፍም። አንዱ ግን የግድግዳውን ኃይል በቀጥታ ሐዲዱ ላይ ለቆታል። ሟቹ ቅዳሜ ቅዳሜ የባቡሮቹን ማብሪያ በአንድ እጃቸው ተጭነው፣ ጨርቁን በሌላው ይዘው ሐዲድ መወልወል እንደሚጀምሩ ሁሉም ያውቃል። ከመካከላቸው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ደግሞ አማቻቸው ብቻ ነው።»

«ቁልፍ ያለው ማን ነው?»

«አራቱም። ግን አማቹን ልውሰደው? ነገ ዛሬ ማለት…»

«እስከ ሰኞ ቆየኝ» አለችና ጎንበስ ብላ ጠረጴዛውን መዞር ጀመረች።

ሦስት ባቡሮች በየማደሪያቸው ተቃጥለው ሐዲድ ላይ ቆመዋል፤ የነጂው ጥቁር፣ የጥርስ ሐኪሙ ቀይ፣ የአማቹ ቢጫ። አራተኛዋ፣ የሟቹ አረንጓዴ ባቡር፣ ግን ግድግዳው ላይ ካለ መደርደሪያ ተቀምጣለች። አንድ ጭረት የላትም። ከፊት መንኮራኩሯ ሥር ግማሽ ስቴኪኒ ተሸጉጧል።

«ስቴኪኒ!» አለ ሃምሳ አለቃው። «የጥርስ ሐኪሙን እንያዘው እንዴ?» ብሎ ብቻውን ሳቀ። ሙጫ የሚቀቡበት ስቴኪኒ ጠረጴዛው ላይ በብርጭቆ ሙሉ ተቀምጧል፤ ማንም ሊያነሳው ይችላል።

መርማሪዋ አልሳቀችም። ጣቷን በሐዲዱ ላይ አስኬደች። ከዋሻው አፍ ጀምሮ አንድ ስንዝር ያህል ተወልውሏል፤ ከዚያ ወዲያ አቧራ ነው። የአረንጓዴዋ ማደሪያ ሐዲድ ያለው በወዲያኛው ጥግ ነው።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ልጅቷን ነው። ልብስ ሰፊ ናት፤ የጠረጴዛውን ኮረብታና ዛፍ የሠራችው እሷ ናት።

«ባልሽና አባትሽ ተጣልተው ያውቃሉ?»

«አባቴ ከእኔ ይልቅ እሱን ነበር የሚወደው» አለች። «ግን ሽቦውን ከእሱ ሌላ ማን ይነካዋል? ሁሉም የሚለኝ ይሄንኑ ነው። ዓይኑን ማየት አቃተኝ።»

የሞተው ባልሽ፣ ገዳዩ ወንድምሽ የሚሉት ነገር በእሷ ላይ ደረሰ፤ የሞተው አባቷ፣ የተጠረጠረው ባሏ። ለማን ታልቅስ?

«አባትሽ ሰሞኑን የተለየ ነገር አድርገዋል?»

«ባለፈው ሳምንት ጉንጬን እዚህ ድልድይ ላይ አስደገፈኝና ‹የሐዲዱ ጥበቃ ቤት ይታይሻል?› አለኝ። ‹አይታየኝም፣ ኮረብታው ጋርዶታል› አልኩት። ‹አስበልጠሽው እንዳይሆን› ብሎ ካርታ አምጥቶ ለካው። በማግስቱ ጫማው ጭቃ በጭቃ ሆኖ ከውጭ ገባ። ፊቱ ልክ አልነበረም። ‹ቅዳሜ ለሁላችሁም እነግራችኋለሁ፤ ለባልሽ ግን እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትዪ› አለኝ።»

አማቹ በረንዳው ላይ እጆቹን በጉልበቶቹ መካከል ከቶ ተቀምጧል።

«አረንጓዴዋ ባቡር መደርደሪያ ላይ ምን ትሠራለች?» አለችው።

«እኔም ገርሞኛል። ባቡር በእጅ በተነሳ ቁጥር ይጎዳል፤ ስለዚህ ሁሉም ሐዲዱ ላይ ያድራል፣ ሕጋችን ነው። መምህርም የሚያነሷት ጨርቁ እሷ ጋ ሲደርስ ብቻ ነው። ለዚያውም ባለፈው ወር ለእሷ ማደሪያ ብቻ ማጥፊያ ገጥሜላታለሁ፤ ይኸው፣ ጠረጴዛው ሥር። እሱ ከጠፋ የፈለገው ኃይል ቢለቀቅ እሷ ጋ አይደርስም።»

ማጥፊያው እንደበራ ነበር።

«ስትገጥም ማን ነበር?»

«መምህርና የጥርስ ዶክተሩ። ዶክተሩ ባትሪ አበሩልኝ።»

«አንተ የባቡር ቤተሰብ ነህ አሉ።»

አማቹ አንገቱን ደፋ። «አባቴ በዚህ መስመር የሐዲድ ጠባቂ ነበር። አንድ ቀን የመንገደኞች ባቡር ቆሞ ከነበረ የጭነት ባቡር ጋር ተጋጭቶ ዘጠኝ ሰው አለቀ። እንቅልፍ ጥሎት ባንዲራ ሳያውለበልብ ቀረ ተብሎ ተፈረደበት። እስር ቤት ሞተ። ትምህርት ቤት ‹የእንቅልፋሙ ልጅ› ነበር የሚሉኝ።»

«ማን መሰከረበት?»

«ጋሼ ነጂው ናቸዋ፤ ያን ባቡር ይነዱ የነበሩት። ድልድዩ ላይ ሆነው የጥበቃ ቤቱ በር ዝግ እንደነበር አዩ። እሳቸው ምን ያድርጉ? ያዩትን ተናገሩ። በኋላ እኔን ሙያ ያስገቡኝም እሳቸው ናቸው።»

የጥርስ ሐኪሙ ላይ ብዙ አልቆየችም።

«ከሟቹ ጋር ተኳርፋችሁ ነበር ይባላል።»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ። የፉርጎው ጣሪያ ግራጫ ነው አልኩ፣ እሳቸው ቡናማ ነው አሉ።» እንባው መጣ። «ግራጫ ነበር፣ ኢንስፔክተር። ግን ቡናማ ነው ብላቸው ምን እሆን ነበር?»

ሽማግሌው ነጂ የተቃጠለ ጥቁር ባቡራቸውን እንደ ታመመ ድመት አቅፈው ገቡ። ቁጭ እንዳሉ ባቡሩን ፊቷ ባለ ጠረጴዛ ላይ አኖሩት፤ ዓይናቸው እሷ ላይ እንደሆነ፣ እጃቸው ብቻውን ሄዶ የእርሳስ ቁራጭ አነሳና ከመንኮራኩሩ ሥር ወሸቀ።

«ለሰባት ወር የለፋሁበት ነው፣ ልጄ። ከሰል ሆነ።»

«አረንጓዴዋ ተርፋለች።»

የሽማግሌው ፊት ፈካ። «እሷማ! ሃያ ሁለት ዓመት የነዳኋትን ባቡር ነው መምህሩ አሳንሶ የሠራት። መስኮቷ ላይ ክርኔ የፋቀው ቀለም ሳይቀር አለ። መቼም ሊወለውል ሲል አንስቷት ይሆናል።»

«ማደሪያዋ ላይ አዲስ የተገጠመውን ነገር ያውቃሉ?»

«ምን ተገጠመ? ባለፈው ወር ሁለት ሳምንት ወገቤ ይዞኝ አልመጣሁም። እነሱ እኔ በሌለሁበት የማይነካኩት የለም።»

እሁድ ጠዋት መርማሪዋ መኪናዋን አስነስታ ከከተማ ወጣች። ሃምሳ አለቃው «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» ብሎ አጉተመተመ፤ አብሯት ግን ሄደ። በሣር በተዋጠው አሮጌ ድልድይ ላይ ሁለቱም ለረጅም ጊዜ ቆሙ። ሲመለሱ ሃምሳ አለቃው አማቹን ስለመያዝ አላነሳም።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ጋራዡ ውስጥ ተሰበሰቡ። ልጅቷ ከባሏ ርቃ በር ጥግ ቆመች።

«ገዳዩ አንድ ስህተት ሠርቷል» አለች መርማሪዋ። «ባቡር ወዷል። ሦስቱን እንዲቃጠሉ ሲተው አራተኛዋ ላይ ግን አንጀቱ አልጨክን አለው። አነሳት።»

«መምህሩ ራሱ አንስቷት ቢሆንስ?» አሉ ሽማግሌው።

«የወለወሉት አንድ ስንዝር ነው። እሷ ጋ ለመድረስ ሁለት ክንድ ይቀራቸዋል። ስለዚህ ያነሳት ሌላ ሰው ነው፤ ኃይሉ እንደሚለቀቅ የሚያውቅ ሰው።»

ሃምሳ አለቃው አማቹን አየው። መርማሪዋ ሃምሳ አለቃውን አየችውና «አይደለም» ለማለት ራሷን ነቀነቀች።

«አማቹ ቢሆን ማጥፊያዋን ተጭኖ ይሄዳል፤ በገዛ እጁ የገጠማት ናት። ዶክተሩም እንዲሁ፤ ባትሪ ያበራው እሱ ነው። ያነሳት ሰው ማጥፊያ መኖሩን የማያውቅ ነው። ያኔ ወገቡ ይዞት የተኛ።»

የጥርስ ሐኪሙ ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«በዚህ ብቻ?» አሉ ነጂው።

«ሌላም አለ። ሰው አሻንጉሊት መደርደሪያ ላይ ሲያስቀምጥ እንዳይንሸራተት ታኮ አያደርግለትም። ዕድሜውን ሙሉ እውነተኛ ባቡር አቁሞ የወረደ ሰው ግን ሳያደርግለት ለመሄድ እጁ እምቢ ይለዋል። ቅዳሜ ዕለት ጥቁሩን ባቡር ፊቴ ሲያኖሩት በእርሳስ ደገፉት። አረንጓዴዋን በስቴኪኒ።»

ሽማግሌው እጆቻቸውን አዩ፤ የሌላ ሰው እጆች የሆኑባቸው ይመስል።

«ለምን ግን?» አለ የጥርስ ሐኪሙ። «መምህር ምን አደረጓቸው?»

«ኮረብታ ለኩ» አለች መርማሪዋ። «ይህን ጠረጴዛ አሳምረው ስለሠሩት፣ ድልድዩ ላይ የቆመ ሰው የጥበቃ ቤቱን ሊያይ እንደማይችል ደረሱበት። ቦታው ድረስ ሄደው አረጋገጡ። እኔም ትናንት ሄጄ ነበር። በሩ ዝግ ይሁን ክፍት፣ ከድልድዩ ላይ በሩ ራሱ አይታይም። አንድ ሰው ባላየው ነገር ተመስክሮበት እስር ቤት ሞቷል።»

አማቹ ወደ ሽማግሌው ቀረበ።

«ሐሙስ ዕለት ነገረኝ» አሉ ሽማግሌው፣ ድምፃቸው ወርዶ። «ሰው ሲሄድ ወደ ኋላ አስቀረኝና፣ ‹ልጁ ቅዳሜ ከእኔ አፍ ከሚሰማው አንተ ራስህ ንገረው፤ የአንድ ቀን ጊዜ ልስጥህ› አለኝ። እንደ ወንድሜ ነበር። ዓርብ ቀን መጣሁና ሽቦውን ቀጠልኩት። ሰው በአደጋ ሞተ ይላል ብዬ ነው። አንተን ይይዙሃል አላልኩም፣ ልጄ።»

«ልጄ አይበሉኝ» አለ አማቹ። ጮክ አላለም። «ይንገሩኝ። አባቴ ተኝቶ ነበር?»

«የተኛሁት እኔ ነበርኩ» አሉ። «ጥሎኝ ነበር። ዓይኔን ስገልጥ ድልድዩን አልፈናል። አባትህ ሐዲዱ መሃል ባንዲራውን እያውለበለበ ወደ እኔ ይሮጥ ነበር። ከባቡር መሸሽ ሲገባው ወደ ባቡር ይሮጥ ነበር። የዘለለው ልንደርስበት ስንል ነው። ይህን ያየሁ እኔ ብቻ ነኝ፤ ከፊት አብሮኝ የነበረው ሁሉ ሞቷል።»

ልጅቷ ሽማግሌውን ለመምታት የምትሄድ መሰለች። አጠገባቸው ስትደርስ ግን አልፋቸው ሄደች። ባሏ ፊት ቆማ፣ በሦስት ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው።

«ጠረጠርኩህ» አለች። «ይቅር በለኝ። እኔም እንደ ሰዉ ጠረጠርኩህ።»

ሃምሳ አለቃው ነጂውን ክንዳቸውን ይዞ አወጣቸው። የጥርስ ሐኪሙ ተከትሎ ወጣ። መርማሪዋም ማስታወሻዋን አጥፋ በሩን መለስ አደረገችላቸው።

አማቹ ኮቱን አነሳ። ከዚያ «እማዬ ጋ ልሂድ» አለ። «ከእኔ አፍ ነው መስማት ያለባት። ይኸው እስከ ዛሬ ሰው እንዳያያት ገበያ የምትወጣው ተሸፋፍና ነው። ግን ምን ብዬ ልጀምርላት?»

ሚስቱ ያባቷን ሐዘን እንደያዘች፣ በሁለት መዳፎቿ ፊቱን ጠረገችለት።

«ነቅቶ ነበር በላት።»