አንገቴ ላይ የቀረው ቁልፍ

እግር ብረቱን ሕመምተኛው ላይ ስቆልፍ በጥፊ አለችኝ።

«ቀስ በል! እግር ነው፣ ግንድ አይደለም!»

ወለተሐናን መጀመሪያ ያየኋት ያን ቀን ነው፤ ሰኔ ፲፰፻፸፰። ከአንኮበር በታች፣ ገደል ሥር ባለ ጠበል፣ አእምሯቸው የታመመባቸውን የማስር እኔ ነበርሁ። የምናስራቸው ሲነሣባቸው ገደል እንዳይገቡ ነው። ቁልፉ ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ ውሎ ያድራል። እሷ ዘርአ ዳዊት የሚባል ሕመምተኛ ይዛ ከጫጫ በእግሯ መጥታ ነበር።

ባሏ መሰለኝ። ስታጎርሰው፣ የራሷን ጋቢ ስታለብሰው አያለሁ። ዓይኔን እሰብራለሁ። የሰው ሚስት ናት።

«ምነው ዞር ትላለህ? ፊቴ ያስፈራል?» አለችኝ አንድ ቀን።

«ሥራ አለብኝ፣ እመቤት።»

«እመቤት! ባለ ቁልፉ ትሕትናም ያውቃል ለካ!»

ሳቀች። ያ ሳቅ ልቤ ውስጥ ቀረ። ለንስሐ አባቴ ተናዝዤበታለሁ።

ነሐሴ ገባ። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ላይኛው ተራራ ላይ ዘነበ፤ እኛ ዘንድ ጠብታም የለም። ድንገት ገደሉ አጉረመረመ።

«ደራሽ ጎርፍ መጣ! ውጡ!»

ቄሱ መስቀላቸውን፣ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ሽቅብ ሮጡ። እኔም ሮጥሁ። አፋፉ ላይ ደርሰን ተመስገን አልን።

«ሁሉም ወጣ?» አሉ ቄሱ።

«ሁሉም ወጣ» አልሁ እኔ።

ያኔ ከታች የወለተሐና ድምፅ መጣ።

«ባለ ቁልፍ! ... ባለ ቁልፍ!»

እጄን አንገቴ ላይ ሰደድሁ። ቁልፉ አለ። ሦስት ሰው አስሬ ሸሽቻለሁ!

እንዴት እንደወረድሁ አላውቅም። ውሃው ከጉልበት አልፏል። ወለተሐና ዘርአ ዳዊትን አቅፋ ቆማለች።

«አንቺ ውጪ! እኔ እፈታዋለሁ!»

«መጀመሪያ ሁለቱን ፍታ! እሱን ይዤዋለሁ!»

ሁለቱን ፈትቼ ሽቅብ ገፋኋቸው። ስመለስ ውሃው ወገብ ደርሷል። ጎንበስ ብዬ ዳሰስሁ። ቁልፉ ቀዳዳውን አጣ። ትንፋሽ ልስብ ቀና አልሁ።

«ቀስ በል ... እግር ነው» አለችኝ፣ በለሆሳስ።

ተከፈተ።

አፋፉ ላይ ስንወጣ፣ «ባልሽ ተረፈ» አልኋት።

አፈጠጠችብኝ። «የምን ባል? ወንድሜ ነው፤ የእናቴ ልጅ!»

ከጎርፉ ይልቅ ይህ አስደነገጠኝ።

«ዓይንህን የምትሰብረው ለዚህ ነበር?» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ እጇን ዘረጋች። «ቁልፉን አምጣ። ከእንግዲህ አንተ አትይዘውም።»

ሰጠኋት።

ለመስቀል ዘርአ ዳዊት ልቡ ተመለሰ። ወላጅ የላቸውምና ሽማግሌ የላክሁት ወደ እሱ ነው።

«እኔን ማሰሩ አልበቃውም?» ብሎ ሳቀ አሉ። ቀጥሎ ግን፣ «ቁልፉ እሷ ዘንድ ይቆይ እንጂ፣ መርቄያለሁ» አለ።

ከተጋባን ሠላሳ ዓመት ሆነ። ተራራው ላይ ደመና ሲከብድ ወለተሐና ማንንም ሳትጠይቅ ወርዳ የታሰሩትን ትፈታቸዋለች። እኔ ከኋላዋ እየቆጠርሁ አወጣቸዋለሁ። ከጎርፉ ቀን ወዲህ «ሁሉም ወጣ» ብዬ አላውቅም። ቁጥራቸውን ነው የምነግራት።