ሞት በነፋስ ለኪዎቹ ቢሮ

ኢንጂነር ተክለአብ ለንደን ውስጥ አርችዌይ በሚባል ሰፈር በሚገኘው ጠባብ ቢሮው ወለል ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ በቀኝ እጁ ሽቦ እንደጨበጠ ሞቶ ተገኘ። ጊዜው እንደ ፈረንጆች በ1996 የፀደይ ወር ነበር። ፖሊሶች የገቡት የተቆለፈውን በር ሰብረው ነው። ለሚስቱ ለውብነሽ እንድታስተረጉም ኂሩትን ጠሩ፤ አዲስ አበባ ሳለች የፖሊስ መርማሪ ነበረች፤ ለንደን ላይ አስተርጓሚነት ብትሠራም ዓይኗ ግን ሥራውን አልተወም። ሟቹ የባሏ የኤርምያስ የልብ ጓደኛ ስለነበር እንባዋን ዋጥ አድርጋ ገባች።

ቢሮው አንዲት ትንሽ የደሴት አገር መብራቷን በናፍጣ ከምታበራ በነፋስ ማብራት ትችል እንደሆነ ያጠና ነበር። ናፍጣ የጫነችው መርከብ በዘገየች ቁጥር የደሴቲቱን ሆስፒታል ጨለማ ይውጠዋል። ኤርምያስ እዚያ ዓመት ከርሞ ነፋሱን ለካ፤ ተክለአብ መሣሪያውን ሠራ፤ ሦስተኛው ባልደረባቸው ባፈና ሪፖርቱን ጻፈ።

«አደጋ ነው» አለ ሰርጀንቱ። «ኮሪደር ላይ ያለውን ማብሪያ ሳያጠፋ ሽቦውን ነክቷል።»

ኂሩት ስትተረጉምላት ውብነሽ ተቆጣች።

«ተክልዬ? እሱ እኮ ማተቡን ሳይፈታ ሽቦ አይነካም! መስቀሉ ብር ነው፣ ኤሌክትሪክ ያስይዛል ይላል። ምስማር ላይ ይሰቅለውና ሲጨርስ መልሶ ያስረዋል።»

ኂሩት ጎንበስ አለች። መስቀሉ ሬሳው አንገት ላይ ነበር። ማጅራቱ ላይ ያለውን ቋጠሮ አንድ ጊዜ አይታ ቀና አለችና ሰርጀንቱን ቁልፍ ያላቸውን ሰዎች እንዲጠራ ጠየቀችው።

ከሰዓት በኋላ የቢሮው ቁልፍ ያላቸው ሦስቱ፣ ውብነሽ፣ ባፈናና ኤርምያስ፣ እዚያው ተሰበሰቡ።

«ጋሽ ባፈና፣ ትናንት ከተክለአብ ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ» አለች ኂሩት።

«አልዋሽም፣ ተጯጩኸናል። ‹የደሴቲቱ ነፋስ ደካማ ነው ብለህ የጻፍከው ውሸት ነው፤ ቁጥሩን ቼክ አድርጌዋለሁ፣ ሰኞ እውነተኛውን እልካለሁ› አለኝ። እኔ የጻፍኩት የተሰጠኝን ነው።»

«እርስዎ ማተብ ያስሩለት ነበር?»

«እኔ? ጌታን ካገኘሁ ወዲህ ማተብ ነክቼ አላውቅም።»

ኂሩት ወደ ሰርጀንቱ ዞራ በእንግሊዝኛ አስረዳችው። ተክለአብ ማብሪያውን አጥፍቶ፣ ማተቡን ሰቅሎ ሥራ ጀመረ። አንድ ሰው ከኮሪደሩ አበራበት። ሬሳ ለራሱ ማተብ አያስርም፤ ያሰረለት፣ መሞቱን እያየ ሳይጮህ በሩን ቆልፎ የሄደው ሰው ነው። ወዳጁ ያለ ማተብ ሲገኝ ማየት ያልሆነለት ሰው።

ከዚያ በአማርኛ ቀጠለች። ወደ ባሏ ነበር የምታየው።

«ቋጠሮው የደሴቲቱ ዓሣ አጥማጆች ነው፤ ሁለት ጊዜ ዞሮ ወደ ውስጥ ይገባል። የነፋስ መለኪያውን ምሰሶ በእሱ ወጥሬዋለሁ ብለኸኛል። የቤታችንን የልብስ ማስጫ ገመድም ያሰርከው በዚሁ ነው። ደሴቲቱን የረገጥከው አንተ ብቻ ነህ፣ ኤርሚ።»

ኤርምያስ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ።

«ናፍጣ የሚያቀርበው ኩባንያ ዋና መሐንዲስ አደርግሃለሁ አለኝ። ቁጥሩን ዝቅ አደረግኩት። ተክሌ ሰኞ ሊያዋርደኝ ነበር፤ እጄ ወደ ማብሪያው ሄደ። ኂሩትዬ፣ ሰውዬው አማርኛ አይሰማም። ሌላ ነገር በይው።»

አሥራ ሁለት ዓመት ያመነችው ሰው ነበር። ጓደኛውን ከድቶ፣ ደሴቲቱን ከድቶ፣ አሁን ደግሞ እሷን የክህደቱ ተካፋይ ሊያደርጋት ፈለገ። ከሁሉ በላይ ያንገበገባት ይኸኛው ነው።

«ምን አለ?» አለ ሰርጀንቱ።

ኂሩት ቃል በቃል ተረጎመችለት፤ «ሌላ ነገር በይው» ያላትንም ጭምር።